ግልጽ ደብዳቤ ለኤችቢኦ፦ ሜይሎርን ስትሰርዙት ማን ማን አብሮት እንደተሰረዘ አይታችኋል?

ለኤችቢኦ የበላይ ኃላፊዎች፣
ለ«ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» ጸሐፊዎችና አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እንግሊዝኛ ቸግሮኝ አይደለም። የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን መጽሐፎች ያነበብኳቸው በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዶቹ ሺህ ገጽ ይጠጋሉ። አብዛኛውን የጨረስኩት በስልክ ስክሪን ስለሆነ ዓይኔ ምስክሬ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ይህን ቅሬታ የሚጋራኝ የአማርኛ አንባቢ ብዙ ስለሆነ ነው፤ እሱም አብሮ ያንብበው። እናንተ አስተርጓሚ መቅጠር አይከብዳችሁም። አንድ ድራጎን አንዴ ለማብረር የምታወጡት ገንዘብ እኛ አገር ስንት ፊልም እንደሚሠራ ባናነሳው ይሻላል።

ድራማችሁ እኛ ዘንድ በምን መንገድ እንደሚደርስም ባትጠይቁን ደስ ይለናል። እሁድ ማታ አሜሪካ የታየው ክፍል ብዙም ሳይቆይ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ሰፈር ይገባል። ሳምንቱ ሳያልቅ ካፌ ውስጥ ክርክር ይነሳበታል። ዋሽንግተንና ለንደን ያሉት ዘመዶቻችን ግን በየወሩ በሥርዓቱ ይከፍላሉ። ቢያንስ በእነሱ ስም የመናደድ መብት አለን።

ለአንባቢዎቼ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከዚህ በታች ስፖይለር ሞልቷል። የ«ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» ምንጭ የሆነውን የማርቲንን «ፋየር ኤንድ ብለድ» ሳታነቡ ድራማውን ብቻ የምትጠብቁ ካላችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየምም። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ቅሬታችን «መጽሐፉን ለምን ነካችሁት» የሚል አይደለም። እንዲህ የሚሉ አድናቂዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ቃል በቃል ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ይላሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። መጽሐፍ ላይ አንድ ሰው ሦስት ገጽ ሙሉ ቁጭ ብሎ ማሰብ ይችላል። ቴሌቪዥን ላይ ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያስብ ሰው ብታሳዩን ግን ሪሞት ነው የምናነሳው። መለወጥ የግድ ነው።

እንዲያውም ለውጣችሁን ወደን የተቀበልንበት ጊዜ ብዙ ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጀመሪያ ሲዝን ላይ ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሲ ለብቻቸው ተቀምጠው ስለ ከሸፈው ትዳራቸው ያወራሉ። ይህ ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም። እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚተረከው፤ ሁለቱ ደግሞ በመጀመሪያው መጽሐፍ ከተራኪዎቹ ውስጥ የሉበትም። እናንተ ግን በሩን ከፍታችሁ አስገባችሁን። በሁለተኛው ሲዝን ደግሞ አርያ ስታርክን የቲዊን ላኒስተር ወይን ቀጂ አደረጋችኋት። መጽሐፉ ላይ ለሩስ ቦልተን ነበር የምትቀዳው። እሷ ማንነቱን እያወቀች፣ እሱ ማንነቷን ሳያውቅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ ትንፋሻችንን ውጠን ነው ያየነው። «ሩስ ቦልተንን መልሱልን» ብሎ የጮኸ ሰው አላጋጠመኝም።

በአዲሱ ድራማም ይህን አድርጋችኋል። መጽሐፉ ላይ ንጉሥ ቪሴሪስ ድግስ የሚወድ፣ ጠብ የሚፈራ፣ ደስተኛ ሰው ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ፓዲ ኮንሲዳይን ግን አካሉ እየበሰበሰ፣ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ፣ ልጁን ሬኔራን ሊታደግ ወደ ዙፋኑ የሚንፏቀቅ ሰው አድርጎ ሰጠን። ያቺን የእግር መንገድ የረሳ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ማርቲን ራሱ የድራማው ቪሴሪስ እኔ ከጻፍኩት ይበልጣል ብሎ መስክሯል። ደራሲ እንዲህ ሲል ስንቴ ሰምታችኋል?

የቬላርዮን ቤተሰብን ጥቁር ስታደርጉም እንደዚሁ ነው። በ2022 ስቲቭ ቱሳን የቤተሰቡን አለቃ ኮርሊስን ሆኖ ሲመጣ በዘሩ ምክንያት የሰደቡት ሰዎች ነበሩ። እነሱን «የመጽሐፉ ጠበቃ» ብላችሁ ከእኛ ጋር አትቁጠሯቸው። ለውጡ ታሪኩን ነው ያጠነከረው። የሬኔራ ልጆች የመጀመሪያ ባሏ የሌኖር ቬላርዮን አለመሆናቸውን መጽሐፉ በሹክሹክታ ነው የሚነግረን። ስክሪኑ ላይ ግን ማንም ዓይን ያለው ሰው ያየዋል፣ አዳራሹ ሙሉ ያየዋል፣ ንጉሡ ብቻ አላየሁም ይላል። ጥያቄው ያው የመጽሐፉ ጥያቄ ነው፤ መንገዱ ብቻ አጠረ። እንዲህ ለምትሠሩት ሥራ ቆመን እናጨበጭባለን።

እና ምንድን ነው የሚያበሳጫችሁ ካላችሁ፣ አንድን ነገር ስታወጡ በሱ ላይ የቆመውን ሌላውን ነገር አለመቁጠራችሁ ነው። ማገሩን ነቅሎ ያነደደ ሰው ክረምት ሲገባ «ጣራው ለምን ዘመመ» ብሎ ቢገረም ምን ይባላል?

ሜይሎርን እንውሰድ።

ሜይሎር፣ ከአባቱ ልጅ ከሬኔራ ጋር ለዙፋኑ የሚዋጋው የንጉሥ ኤጎንና የንግሥት ሄሌና ሦስተኛ ልጅ ነው። ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሰይፍ አይዝም፣ ድራጎን አይጋልብም፣ ምክር ቤት አይገባም። ወጪ ቀንስ የተባለ ሰው የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ቢሰጡት መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው። ሕፃን ካሜራ ፊት ማሠራት ፈተና እንደሆነም ይገባናል። ያለቅሳል፣ ይተኛል፣ የሥራ ሰዓቱ በሕግ የተገደበ ነው።

አሁን መጽሐፉ ይህን ሕፃን ምን እንዳሠራው እንይ። ብለድና ቺዝ የሚባሉት ሁለቱ ነፍሰ ገዳዮች በሌሊት ቤተ መንግሥት ይገባሉ። ሄሌናን ከሦስት ልጆቿ ጋር ይይዟታል። ሁለት ወንዶች አሉሽ፣ አንዱን ምረጪ ይሏታል። እኔን ግደሉኝ ትላለች። አይሆንም፤ ወንድ ልጅ ነው የተፈለገው። ቶሎ ካልመረጠች በሴት ልጇ ላይ የባሰ እንደሚመጣ ይነግሯታል። በመጨረሻ የሜይሎርን ስም ትጠራለች። ምናልባት ሕፃን ስለሆነና ስለማይገባው ይሆናል። ምናልባት ትልቁ አልጋ ወራሽ ስለሆነ ይሆናል። ቺዝ ወደ ሕፃኑ ጆሮ ጠጋ ብሎ «እናትህ እንድትሞት ትፈልጋለች» ይለዋል። ብለድ ሰይፉን የሚያሳርፈው ግን በትልቁ በጄሄሪስ ላይ ነው።

የዚህ ትዕይንት ጭካኔ ያለው ከደሙ በኋላ ነው። ሞት የተፈረደበት ልጅ ተርፏል። ያው ቤት ውስጥ አለ። ይራባል፣ ይጫወታል፣ እናቴ ይላል። ሄሌና ፊቱን ማየት ያቅታታል። አትበላም፣ አትታጠብም፣ ከክፍሏ አትወጣም። ድራጎን የምትጋልብ ንግሥት አንድም ቀን ለጦርነት ሳትነሳ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ሜይሎር አንድም ቁም ነገር ሳይናገር፣ በመኖሩ ብቻ፣ የአንድን ወገን ድራጎን ከጦርነቱ አስወጣ።

ድራማው ላይ ሜይሎር የለም። ሁለቱ ሰዎች መንትዮቹን ተኝተው ያገኟቸዋል። የትኛው ወንድ እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። ሄሌና ትጠቁማቸዋለች። ፊያ ሳባን በሚገባ ተጫውታዋለች፣ በእሷ ላይ ምንም ቃል የለኝም። ያማል። ግን ምርጫ የለበትም። ይህች ሄሌና ኀዘን አለባት፤ ጸጸቱ ግን ከየት ይምጣ? ልጇን አላጋደመችም፣ ስሙን አልጠራችም። በሚቀጥሉት ክፍሎች ግራ የገባት፣ ቶሎ የተረጋጋች ሴት ሆና ስትታየን የገረመን ለዚህ ነው። በመጽሐፉ መሠረት ከዚያች ሌሊት በኋላ የምትረጋጋበት መንገድ አልነበራትም።

ይህ ገና የመጀመሪያው ነው። ጦርነቱ ሲብስ ሜይሎርን የተራ ሰው ልጅ አስመስለው ከከተማ ያስወጡታል። ሰር ሪካርድ ቶርን የተባለ ዘብ እንደ ተራ አባት ሆኖ ይዞት ይጓዛል። ቢተርብሪጅ የምትባል ከተማ ላይ ይያዛሉ፤ ሕፃኑም በሕዝብ ግርግር ውስጥ ያልቃል። እንዴት እንደሞተ ምንጮቹ የተለያየ ነገር ይናገራሉ፣ ሁሉም ግን ይዘገንናሉ። አጎቱ ልዑል ዴሮን ይህን ሰምቶ ከተማይቱን በድራጎኑ ያጋያታል። እስከዚያ ድረስ ዴሮን ከወንድሞቹ ሁሉ ልበ መልካሙ የሚባል ልጅ ነበር። መልካም ልጅ ከተማ የሚያቃጥል ሰው የሚሆነው በዚህች በኩል ነው።

ከዚያ ሄሌና አለች። በሬኔራ እጅ እስረኛ ሆና ሳለ የሜይሎርን ሞት ስትሰማ ከመስኮት ራሷን ትወረውራለች። ከታች በሹል ብረቶች ላይ ትወድቃለች። የኪንግስ ላንዲንግ ሕዝብ ሄሌናን ይወዳት ነበር። በዚያችው ሌሊት «ሬኔራ አስገደለቻት» የሚል ወሬ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይዞራል። ከተማው ይነሳል። ግርግሩ እያደገ ሄዶ ሕዝቡ የድራጎኖቹን ቤት ሰብሮ ይገባል። አምስት ድራጎኖች ያልቃሉ። ሬኔራ ዙፋኗን ጥላ ትሸሻለች። ማንም ጦር ያላሸነፋትን ንግሥት የገዛ ከተማዋ አስወጣቻት።

ልብ በሉ። ከአንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ተነስተን የንግሥቲቱ ውድቀት ላይ ደረስን። እናንተ ደግሞ ሕፃኑን ያወጣችሁት ትንሽ ስለሆነ ነው።

ይህን ያለው የማንም ስም የለሽ አድናቂ ብቻ ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብትሉ አልፈርድባችሁም። መስከረም 4 ቀን 2024 ግን ማርቲን ራሱ በግል ገጹ ላይ ጽፎታል። እንደ እሱ አባባል፣ የድራማው መሪ ራያን ኮንዳል ሜይሎርን ለጊዜው እንተወው ሲለው ተከራክሮ ነበር። በጀትና ሕፃን ተዋናይ የማሠራት ችግር ተነሳ። በኋላ «አልቀረም፣ በሦስተኛው ሲዝን ይወለዳል» የሚል ማረጋገጫ ተሰጠው፤ እሱም ተስማማ። ከዚያ ጨርሶ እንደማይወለድ አወቀ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ማርቲን የቢራቢሮዋን ነገር ጠቅሶ፣ ትንሽ ለውጥ እየሰፋ ሄዶ ቀሪውን ታሪክ እንደሚበላው አስጠነቀቀ። ጽሑፉ በዚያው ቀን ከገጹ ጠፋ። የእናንተ መልስ፣ መጽሐፍ ወደ ስክሪን ሲመጣ አዘጋጁ ከባድ ውሳኔዎች መወሰን አለበት የሚል ነበር።

እኛ የጠየቅነው ውሳኔው ከባድ መሆን አለመሆኑን አልነበረም። ሄሌና ከመስኮቱ ለምን እንደምትዘል ነበር።

ሌላዋን ደግሞ ላንሳ፤ እሷን ሳላነሳ ብቀር ራሴን አልወደውም። ኔትልስን። ኔትልስ ጠይም፣ ቀጭን፣ አፏ የማይገደብ፣ ማንንም የማትፈራ ደሃ ልጅ ናት። አባቷ አይታወቅም። ብርማ ፀጉር የላት፣ ሐምራዊ ዓይን የላት፣ የታርጋሪያን ደም አላት የሚያስብል ምንም የላት። ሺፕስቲለር የተባለውን አስቸጋሪ ድራጎን ለመጋለብ ብዙ ሰው ሞክሮ ተቃጥሏል። እሷ በየማለዳው አዲስ የታረደ በግ እየወሰደችለት አለመደችው። በዘር ሐረግ ሳይሆን በጥበብና በትዕግሥት። በአንድ ትልቅ የዘር ታሪክ መሐል «ደም ነው ወሳኙ» የሚለውን የምታናጋ አንዲት ልጅ ብትኖር እሷ ናት። እኛ አገር ይህን መጽሐፍ ካነበቡ ሰዎች ውስጥ ኔትልስን የማይወድ ገና አላገኘሁም።

በሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ድራጎኑን ሜዳ ላይ የምታገኘው የሬኔራ ሁለተኛ ባል የዴሞን ልጅ ሬና ሆነች። የልዑል ልጅ፣ ባለ ዘር። ድራጎን ያጣች ልጅ ድራጎን ብታገኝ ደስ ይላል፣ አልካድም። የጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሬኔራ ኔትልስን ትጠረጥራለች፤ ጭንቅላቷ ይቆረጥ ብላ ታዛለች። ዴሞን ትእዛዙን ሲሰማ ኔትልስን በድራጎኗ እንድትሸሽ ይሸኛታል። ከሚስቱ ጋር የነበረው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ብቻውን ሃረንሃል የተባለው ግንብ ሄዶ የኤጎንን ወንድም ኤመንድን 13 ቀን ይጠብቀዋል፤ በየቀኑ ዛፉ ላይ አንዳንድ ምልክት እየቆረጠ። ሊሞት እንደመጣ እያወቀ። ያ የ13 ቀን ጥበቃ ክብደቱን ያገኘው ከኔትልስ ነው። ሬናን በቦታዋ ብታስገቡ ሬኔራ የዴሞንን ልጅ አስገድል ልትል ነው? ወይስ ዴሞን በሌላ ምክንያት ሊሄድ ነው? ሌላው ምክንያት ካለ እሰየው። ከሌለ ግን ልዑሉ የሚሞተው መጽሐፉ ላይ ስለሞተ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ የምትሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። «ፋየር ኤንድ ብለድ» ልብ ወለድ አይመስልም፤ አንድ ሊቅ ከዘመናት በኋላ የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ነው የቀረበው። ምንጮቹም እርስ በርስ ይጣላሉ። ማሽሩም የተባለው የቤተ መንግሥት ቀልደኛ ያወራውን ካህኑ ይክደዋል። ስለዚህ «እኛ የምናሳየው እውነተኛውን ታሪክ ነው፣ መጽሐፉ የተዛባውን ነው» ትላላችሁ። ብልህ መከራከሪያ ነው። እስከተወሰነ ድረስም እቀበለዋለሁ። ምንጮቹ የሚጣሉት ግን ማን ከማን ጋር ተኛ፣ ማን በማን ጆሮ ምን ሹክ አለ በሚለው ነው። ሜይሎር ተወልዷል፣ ሞቷል በሚለው አንዳቸውም አልተጣሉም። ሦስት ምስክር የተስማማበትን ነገር ዳኛ ተነስቶ «አልተፈጸመም» ካለ ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

በኤጎን እናት በአሊሰንትም ላይ ያው ነው። እሷንና ሬኔራን የልጅነት ጓደኛ ማድረጋችሁ ግሩም ነበር፤ መጽሐፉ ላይ አሊሰንት በዘጠኝ ዓመት ትበልጣለች። በሁለተኛው ሲዝን ግን በጦርነት መሐል ሁለቴ ተደብቀው ይገናኛሉ። በሁለተኛው ግንኙነት አሊሰንት ከተማዋን፣ የገዛ ልጇን ሕይወት ጨምራ አሳልፋ ልትሰጥ ትስማማለች። ይህች እናት ነች እንግዲህ ልጇን ንጉሥ ለማድረግ አገር ያመሰችው። እንታረቅ ብለው ሁለት ሴቶች በአንድ ማታ ሊጨርሱት ከቻሉ፣ ያ ሁሉ ሰው ምን ሊሆን ነው የሚሞተው?

ለምን እንዲህ እንደምንጨነቅ ልንገራችሁ። አንዴ ተነክሰናል።

የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መጨረሻ ግንቦት 19 ቀን 2019 ሲተላለፍ በአሜሪካ ብቻ በዚያች ማታ 19.3 ሚሊዮን ሰው አየው። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ደግሞ ስምንተኛው ሲዝን እንደገና ይሠራ ብሎ ፈረመ። እኔ አልፈረምኩም። ፊልም በፊርማ አይሠራም፤ ተዋናዮቹና ሠራተኞቹ ያን ሁሉ ሌሊት በብርድ የደከሙበትን ነገር ጣሉት ማለትም ነውር መሰለኝ። የኤሚ ዳኞች እንዲያውም 12 ሽልማት ሰጡት። ንዴቱ ግን እውነት ነበር። አብዛኛው ሰው ንዴቱን ያወረደው በመጨረሻዎቹ ስድስት ክፍሎች ላይ ነው። እኔ ስህተቱ የተሠራው ከዚያ ከአራትና አምስት ዓመት በፊት ነው ባይ ነኝ።

በአምስተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ወጣት ብቅ ይላል። የደነሪስ ወንድም የሬጋር ልጅ ኤጎን ነኝ ይላል (ከላይ ያነሳሁት ንጉሥ ኤጎን አይደለም)፤ ወጣቱ ግሪፍ ብለን የምናውቀው። እውነት ይሁን ውሸት አይታወቅም። ጦር ይዞ ዌስተሮስ ይገባል። የቤተ መንግሥቱ የሰላዮች አለቃ ቫሪስ ለዓመታት ሲያሴር የነበረው ለዚህ ልጅ መሆኑን በመጽሐፉ መጨረሻ እንረዳለን። ድራማው ይህን ልጅ ጨርሶ አላመጣውም። በ2015 ማንም አላዘነም፤ ሰው በዝቶብን ነበርና። አሁን ደነሪስ ባሕር ተሻግራ ስትመጣ ሕዝቡ ሌላ ታርጋሪያን ወዶ፣ አንግሦ ቢጠብቃት አስቡት። መጽሐፉ ገና እዚያ አልደረሰም፤ ይህ የአንባቢዎች ግምት ነው። ግን ዘሩ ተዘርቷል። ያ ልጅ ሲወጣ ቫሪስ ሥራ ፈታ። ሴራ የሌለው ሴረኛ ሆኖ ሦስት ሲዝን ተንከራተተ። ደነሪስም ደወሉ እየተደወለ፣ ከተማው እጅ ሰጥቶ ሳለ አቃጠለችው። ደነሪስ ማቃጠሏ አይደለም የሚቆጨን። ወደዚያ የሚወስዳትን መንገድ ቀድማችሁ ማረሳችሁ ነው።

የአርያ እህት ሳንሳስ? መጽሐፉ ላይ ለራምዚ ቦልተን የምትዳረው ጄን ፑል የምትባል ልጅ ናት፣ አርያ ነች ተብላ። ሳንሳ በዚያን ጊዜ በቬይል ተራራዎች ከሊትልፊንገር ፖለቲካ እየተማረች ነው። ሁለቱን አንድ አደረጋችኋቸው። ገጸ ባሕርይ ቆጥባችኋል። ግን ያንን ለማድረግ፣ የሁሉን ሰው ምስጢር የሚያውቀው ሊትልፊንገር ያለውን ትልቁን ሀብት ስለ ራምዚ ምንም ሳያውቅ አሳልፎ መስጠት ነበረበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊትልፊንገር ብልጥ ነው የሚባለው በወሬ ብቻ ሆነ።

የደቡቡን ግዛት ዶርንን አላነሳም። ስለ ዶርን ማንሳት ሕመም ነው። ገዥው ዶራን ማርቴል ለዓመታት በትዕግሥት የሸረበው በቀል አንድ ቢላዋ ላይ አለቀ፤ ይበቃል።

ደራሲውን ነጻ ላውጣ ብዬም አይደለም። አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ወጣ፤ ያው ድራማው የጀመረበት ዓመት ነው። ስድስተኛውን እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው። ለኛ ለአንባቢዎቹ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መሪዎች ቤኒኦፍና ዋይስ መንገዱ ካለቀበት ቦታ ላይ ሆነው በራሳቸው መንዳት ነበረባቸው፤ ሁሉንም በእነሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። እናንተ ክፍሎች ቢጨመሩ ደስተኞች እንደነበራችሁ፣ በ73 ክፍል እንጨርስ ያሉት እነሱ እንደነበሩም ተናግረዋል። ይህ ሰበብ ግን ለ«ሀውስ ኦፍ ዘ ድራጎን» አይሠራም። የዚህ ጦርነት ታሪክ ከ2018 ጀምሮ ከነመጨረሻው ታትሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ማን እንደሚሞት፣ ለምን እንደሚሞት፣ የማን ሞት የማንን እንደሚያመጣ ተጽፏል። ካርታ ይዞ መጥፋት ይከፋል።

እኛ ደግሞ መጽሐፍ ወደ ሌላ መድረክ ሲሻገር ምን እንደሚመስል የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ስንት ቤት ጸጥ ብሎ እንዳደመጠ ወላጆቻችን ይነግሩናል። ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው ጉዱ ካሳን የሚያስበው በወጋየሁ ድምፅ ነው። እሱ የጨመረው ድምፁንና ነፍሱን ነው። ያ ትረካ ነው፣ የእናንተ ድራማ ነው፣ ልዩነቱን አውቃለሁ። ከናንተው መንደር ምሳሌ ካስፈለገ «ሾገን» አለላችሁ። በ1975 የወጣውን መጽሐፍ በ2024 ሲሠሩት አተያዩን ብዙ ለውጠውታል። እንግሊዛዊው መርከበኛ ከመሐል ወደ ጎን ተገፍቶ ጃፓናውያኑ መሐል ገቡ። አብዛኛው ንግግር በጃፓንኛ ሆነ። 18 ኤሚ ወሰደ። ማርቲንም ጥሩ መጽሐፍ በሚገባ ወደ ስክሪን የመጣበት ብርቅ ምሳሌ አድርጎ ያነሳው እሱኑ ነው። የለወጡት ምን ምን ላይ እንደቆመ አውቀው ነው።

አሁን ወደምንጠይቃችሁ ነገር ልምጣ።

ክፍሎቹን አትቁረጡብን። ሁለተኛው ሲዝን ከአሥር ወደ ስምንት ወረደ። ሲጀመር እስከ ጫፍ ተወጥሮ የነበረው ታሪክ ጦሩ ሁሉ መንገድ ላይ እንዳለ ተቋረጠ፤ ትልቁ የባሕር ጦርነትም ሳይታይ ቀረ። በአራት ሲዝን እንደምትጨርሱት ነግራችሁናል። እሺ። በአራት ሲዝን የሚያልቅ ታሪክ ላይ ዴሞን ሃረንሃል ውስጥ ያን ሁሉ ሳምንት ሲቃዥ የሚያሳየው ጊዜ ከተገኘ፣ ለኔትልስ የሚሆን አንድ ሰዓት ይጠፋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ስለ አሠራሩ የምታሳዩን አጭር ፕሮግራም አለ። ስለ ልብሱ፣ ስለ ስፍራው፣ ስለ ድራጎኖቹ ቀለም ታወራላችሁ፤ ደስ ይላል። እዚያው ላይ ዋና ዋና ለውጦቹን ለምን እንዳደረጋችሁ በግልጽ ንገሩን። ብር አልበቃ ካለ አልበቃም በሉ፤ እኛ ብር አልበቃም የሚለውን ቃል ከማንም በላይ የምንረዳ ሕዝብ ነን። የሚያስቀይመን ጎደሎን እንደ ምርጫ አድርጎ ማቅረብ ነው።

ገጸ ባሕርይ ስትሰርዙ ደግሞ ጸሐፊዎቻችሁ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው «ከዚህ በኋላ ማን ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ይኑረው። ሥልጣን ነው ያልኩት። ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር የሚባል ስም ሰጥታችሁ ያስቀመጣችሁት ደራሲ ተከራክሮ ካልተሰማ ማዕረጉ ምን ይሠራለታል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ እንጂ ቃል ኪዳን የሚፈልግ አይደለም። በእናንተ ታሪክ ውስጥ ሄሌና ስትሞት ምክንያቷ ምንድን ነው? ከተማውስ በሬኔራ ላይ የሚነሳው በምን ሰበብ ነው? ዴሞን ብቻውን ወደ ሃረንሃል የሚሄደውስ ከማን ተለይቶ ነው? የእናንተ ምክንያት ከመጽሐፉ የበለጠ ሆኖ ከተገኘ፣ እንደ ቪሴሪስ ጊዜው ወጥተን በአደባባይ እናመሰግናችኋለን። ካሁኑ ካላሰባችሁበት ግን ስክሪፕቱን ከመቆለፋችሁ በፊት አስቡበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለቱንም ድራማዎች ያየ፣ መጽሐፎቹንም ያነበበ
አንድ የአዲስ አበባ አድናቂ